«ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የሚባለው ነገር 68 ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ምን ያህል ያስኬዳል?

ጠያቂ፦ ጠመኔ በእጄ
ኅዳር 4

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦቼ። በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። አራት ክፍል ይዣለሁ፤ አነስተኛው 64፣ ትልቁ 68፣ በድምሩ 265 ተማሪ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት በተሰጠን ሥልጠና ላይ አሠልጣኛችን ከየስላይዱ ግርጌ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የምትል ሐረግ አልጠፋችም ነበር፤ የትኛው ጥናት፣ የት አገር፣ በምን ዓይነት ተማሪ ላይ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደተገኘ ግን አንድ ቦታ እንኳ አልተጻፈም። እጄን አውጥቼ ስጠይቅ «ማኑዋሉ ላይ ታገኘዋለህ» ተባልሁ፤ ማኑዋሉ ላይ ያገኘሁትም ያችኑ ሐረግ ነው።

ጥናትን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ የማስተምረው ትምህርት ራሱ በሙከራ የቆመ ነውና እንዴት እንቃለሁ? ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ መድኃኒት አለኝ ባዩ በዝቷል፤ ሁሉም መድኃኒቱን «በጥናት የተረጋገጠ» ይለዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰኞ ጠዋት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ፣ በአንድ ዴስክ ተጨናንቀው ለተቀመጡ ልጆች ምን ላድርግ የሚለው ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ባለፈው ሳምንት የኒውተንን የመጀመሪያ ሕግ (የውጭ ኃይል ካልለወጠው የቆመው እንደቆመ፣ የሚንቀሳቀሰውም በዚያው ፍጥነት ቀጥ ብሎ እንደሄደ ይኖራል የሚለውን) አስተምሬ ስጨርስ «ገባችሁ?» አልሁ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» አለ። በማግስቱ የጠመኔውን ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ ገፋ አድርጌ ለቀቅሁትና ጥቂት ተንሸራቶ ሲቆም «ለምን ቆመ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሕጉን አንድም ቃል ሳያጎድል በቃሉ የሚወጣው ልጅ ተነሥቶ «የገፉት ጉልበት ስላለቀበት ነዋ፣ ቲቸር» አለኝ። ከኋላው ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንዲህ ላለው ችግር የትምህርት ጥናት የሚለው ነገር አለ? ካለስ በእኔ ክፍል ዓይነት የሚሠራው የቱ ነው?

ምላሽ 1፦ የኮሌጁ መምህር
ኅዳር 5

መምህር፣ እንኳንም የትምህርት ዓይነትዎ ፊዚክስ ሆነ፤ ተማሪ ምን ይዞ እንደሚመጣና ምን ይዞ እንደሚወጣ በብዛት ከተጠናባቸው የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ነውና። «ጉልበቱ ስላለቀበት» ያለው ልጅ ብቻውን አይደለም። ኢብራሂም ሃሉንና ዴቪድ ሄስተንስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት ላይ የአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ከትምህርቱ በፊት የነበራቸውን እምነት ኮርሱን ከጨረሱም በኋላ በአብዛኛው እንደያዙት አግኝተዋል፤ ስሌቱን ይሠራሉ፣ ፈተናውን ያልፋሉ፣ ሳጥኑ ለምን እንደቆመ ሲጠየቁ ግን የእርስዎን ተማሪ መልስ ይሰጣሉ። ከዚያ ጥናት ተነሥቶ ስሌት የሌለበት፣ የዕለት ተዕለት ሁኔታን የሚጠይቅ የምርጫ ፈተና በ1992 ተዘጋጀ። ሪቻርድ ሄክ በ1998 ባሳተመው ሥራ ይህን መሰል ፈተና የወሰዱ 62 ኮርሶችንና 6,542 ተማሪዎችን አነጻጸረ። መምህሩ ሲናገር ተማሪው ሲጽፍ በሚያልፍባቸው ኮርሶች ተማሪዎች ሊያሻሽሉት ይችሉ ከነበረው ውስጥ በአማካይ 23 በመቶውን ብቻ ሲያሻሽሉ፣ እያሰቡና እየተከራከሩ በሚማሩባቸው ግን 48 በመቶ ያህሉን አሻሽለዋል።

እዚህ ላይ አሠልጣኝዎ ያልነገሩዎትን ልጨምር። እነዚያ ኮርሶች በዕጣ የተመደቡ አልነበሩም፤ አዲሱን ዘዴ የመረጡት መምህራን ምናልባት ከመጀመሪያውም ትጉዎቹ ነበሩ። ስለዚህ 48ቱ በሙሉ የዘዴው ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ልዩነቱ በብዙ ተቋማት ስለተደጋገመ ችላ የሚባል አይደለም።

ለትልቅ ክፍል የሚሆነውን ዘዴ ኤሪክ ማዙር በሃርቫርድ ከ1991 ጀምሮ በብዙ ተማሪ የተሞላ አዳራሽ ውስጥ ሲሠራበት ቆይቷል። እኔ በተግባር ልምምድ ላይ ያሉ ዕጩ መምህራንን እንዲህ አስደርጋለሁ፦ ሳጥኑን ይግፉትና ሰሌዳው ላይ አራት ምርጫ ይጻፉ፤ «የተገፋበት ጉልበት ስላለቀ» የሚለው ከአራቱ አንዱ ይሁን፣ ወጥመዱ እርሱ ነውና። አንድ ደቂቃ ሙሉ ማንም እንዳይናገር ያድርጉ። ከዚያም ሲቆጥሩ ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ከአንድ እስከ አራት ባለው ጣቱ መልሱን ያሳይ፤ ደረት ላይ የሚደረገው ጎረቤት አይቶ እንዳይኮርጅ ነው። ትክክሉን ያገኙት በጣም ጥቂት ከሆኑ መልሰው ያስተምሩ፤ ሁሉም ካገኙት ይለፉት። መሃል ላይ ከሆኑ ግን ትክክለኛውን መልስ ሳይናገሩ «አጠገብህ ካለው፣ የተለየ መልስ ከያዘው ጋር ተከራከር» ይበሉና ሦስት ደቂቃ ሰጥተው እንደገና ጣት ያስወጡ። ለአንድ ጥያቄ ስምንት ወይም ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ ከሁለት በላይ አይሞክሩ።

ሌላው «ገባችሁ?» የሚለው ነው። ሜሪ ባድ ሮው በአሜሪካ የሳይንስ ክፍሎች ውስጥ በቴፕ እየቀዳች ስታጠና፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ብለው የሚቀሩት ቀነሱ፣ ተናግረው የማያውቁትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ በወሬ ምንም አይደለም፤ ሰሌዳ ፊት ሲቆሙ ግን ረጅም ነው። አንዷ ዕጩ መምህሬ ጠመኔውን መዳፏ ላይ ሦስት ጊዜ እያገላበጠች ነው የምትጠብቀው።

ምላሽ 2፦ ሠላሳ ዓመት በሰሌዳ
ኅዳር 6

ዕድሜዬ ይፈቅድልኛልና «አንተ» ልበልህ። ሒሳብ ሳስተምር ሠላሳኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የኮሌጁ መምህር ያሉትን አልቃወምም፤ ነገር ግን «ጥናት» የሚለውን ቃል ይዘው በራችንን ያንኳኩትን ሁሉ ስለማስታውስ ትንሽ ብጠራጠር አትፍረድብኝ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ መጣ፤ ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይነጉዳል፣ ልጁ ይቀራል፣ መምህሩ ማስቆም አይችልም። ቀጥሎ «ተማሪ ተኮር» ተባለና ወንበር አዞርን። ከዚያ አንድ ለአምስት፤ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። የአንዳቸውም ሐሳብ ከመሠረቱ የከፋ አልነበረም፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ቅርጹ እንጂ ምክንያቱ አልደረሰም።

ስለዚህ ጥናት ስታነብ ውጤቱን ብቻ አትይ፤ ለማን እንደሠራና ለማን እንዳልሠራም ፈልግ። በኬንያ ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ በነጻ አድለው ነበር። መጽሐፍ ያለው ልጅ ከሌለው ይሻላል ብሎ የማይገምት ማን አለ? በአማካይ ሲታይ ግን ውጤት ላይ ለውጥ አላመጣም፤ የተጠቀሙት ከመጀመሪያውም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበር፤ የሚበዛው ልጅ ማንበብ የማይችለውን መጽሐፍ ነው የታቀፈው። ያንተም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆችህ ስለ ሳጥኑ ሲከራከሩ በየትኛው ቋንቋ እንደሚከራከሩ አስብበት፤ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይሆንም ካልህ ክርክሩ ከሦስት ጎበዞች አያልፍም።

አሁን ደግሞ ያሸነፈኝን አንድ ጥናት ልንገርህ፤ እስከዚያ ድረስ ለብዙ ዓመት ስሳሳት ነበርና። ዶግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር የተባሉ ሰዎች የኮሌጅ ተማሪዎችን የአራት ዓይነት ጠጣር ቅርጾችን ይዘት (ቮልዩም) ማስላት አስተማሩ። ግማሾቹ አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው እየሄዱ፣ ግማሾቹ ደግሞ አራቱን ቀላቅለው ተለማመዱ። ልምምዱ ላይ በየዓይነቱ የሠሩት 89 በመቶ ትክክል ሲሆኑ የቀላቀሉት 60 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያየ መምህር የትኛውን ይመርጣል? ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን በየዓይነቱ የሠሩት ወደ 20 በመቶ ወረዱ፣ የቀላቀሉት 63 በመቶ አመጡ። ምክንያቱን ስታስበው ግልጽ ነው፤ የሲሊንደር ጥያቄ ብቻ ለዐሥር ጊዜ የሠራ ልጅ የቀመሩን አጠቃቀም እንጂ የትኛውን ቀመር መምረጥ እንዳለበት አልተለማመደም፤ ፈተና ደግሞ የሚጀምረው ከመምረጡ ነው።

እኔ ለብዙ ዓመት ሰሌዳው ላይ አንድ ምሳሌ ሠርቼ፣ ተመሳሳዩን ዐሥር ጥያቄ የክፍል ሥራ ሰጥቼ፣ ሁሉም ሲያገኙት ደስ ብሎኝ ወደ ስታፍ የምገባ ሰው ነበርሁ። ደስታዬ ትክክለኛ መረጃ አልነበረም። ያንተም «አዎ!» ከዚሁ የሚመደብ ይመስለኛል።

ምላሽ 3፦ የኮሌጁ መምህር
ኅዳር 6

መምህር፣ ከጠረጠሩኝ ይልቅ የረዱኝ ይበልጣል፤ ያነሡት ነገር ልጽፍ የነበረውን ሌላ ጥናት አስታወሰኝ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። አንደኛው ወገን መልሶ አነበበ፤ ሌላው ወረቀቱን ከድኖ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሰው ያነበቡት 81 በመቶ፣ የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን መልሰው ያነበቡት 42፣ ከድነው የጻፉት 56 በመቶ ሆኑ። ስለዚህ ትምህርቱ ካለቀ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚለካ ሰው የሚሻለውን ዘዴ ይጥላል ማለት ነው። ሱፐርቫይዘርም መምህርም የምንለካው በዚያችው በአምስተኛዋ ደቂቃ ላይ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት ላለፈ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይሆንም፤ የቃል ትምህርት ማታ ያለ መጽሐፍ ይባላል፣ መምህሩም ተማሪው ሳያይ እንዲወጣው ያደርጋሉ። ልዩነቱ፣ ፊዚክስ ላይ ሕጉን በቃል መውጣት ብቻ እንደማይበቃ የጠመኔው ሳጥን አሳይቶናል፤ ከድኖ መጻፍ ያለበት «ሕጉ ምን ይላል» ብቻ ሳይሆን «ይህ ለምን ሆነ» የሚለውም ጭምር ነው።

ምላሽ 4፦ ከአሽዶድ
ኅዳር 8

ጎንደር አካባቢ ሰባት ዓመት አስተምሬ ወደ እስራኤል ከገባሁ በኋላ እዚህም በሒሳብ መምህርነት እሠራለሁ። እናንተ ስለ ማስተማሩ ስትነጋገሩ እኔ ስለ እርማቱ ልጨምር ፈለግሁ፤ 265 ተማሪ የሚል ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የታየኝ የደብተር ክምር ነውና።

ሩት በትለር የተባለች የዚህ አገር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት ላይ ለተማሪዎች ሥራ ሦስት ዓይነት ምላሽ ሰጠች፦ ለአንዳንዶቹ ማርክ ብቻ፣ ለአንዳንዶቹ አስተያየት ብቻ፣ ለቀሩት ማርክም አስተያየትም። የተሻሻሉትና ለሥራው ያላቸው ፍላጎት ሳይቀንስ የቀጠሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። የሚገርመው፣ ሁለቱንም ያገኙት ማርክ ብቻ ካገኙት አለመሻላቸው ነው። ይህን ሳነብ በልጆቼ ላይ ያየሁትን አስታወሰኝ፤ ወረቀቱን ሲቀበሉ ዓይናቸው ቀይ ቁጥሩ ላይ ያርፋል፣ ቀጥሎ የጎረቤታቸው ቁጥር ላይ፤ እኔ ሌሊት ቁጭ ብዬ የጻፍሁትን ሁለት መስመር የሚያነብ የለም። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲም በ1996 ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ምላሽ መስጠት በአማካይ ቢጠቅምም፣ ከሦስት አንዱ በላይ በሚሆነው ጊዜ የሰውን ሥራ እንዳባባሰ አግኝተዋል፤ በተለይ ምላሹ የሰውየውን ሐሳብ ከሥራው አንሥቶ ወደ ራሱ ማንነት ሲወስደው።

አገር ቤት ሳለሁ ያስመረረኝ ተከታታይ ምዘና የሚባለው ነበር። ፖል ብላክና ዲላን ዊሊያም በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆነው በ1998 ስለ ምዘና የጻፉት ነገር ፍሬው፣ መምህሩ ያገኘውን መረጃ ቀጣዩን ትምህርት ለመለወጥ ሲጠቀምበት ተማሪ ይሻሻላል የሚል ነው። እኛ ዘንድ ግን አምስት ከቤት ሥራ፣ ዐሥር ከቡድን ሥራ፣ ዐሥር ከቴስት እየተባለ ማርክ መልቀም ሆኖ ቀረ። ሮስተሩ ይሞላል፣ የሚቀጥለው ምዕራፍ ምንም ሳይለወጥ ይጀመራል። መምህር፣ ስለዚህ የምመክርዎት ብዙ እንዲያርሙ ሳይሆን ያነሰ እንዲያርሙ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሩብ ወረቀት ላይ አንድ «ለምን» ይጠይቁ፤ ማርክ አይስጡት፤ ስም ባይጻፍበትም ይሻላል። ወረቀቱን ሰብስበው በሦስት ክምር ይክፈሉት፦ የገባው፣ ግማሽ የገባው፣ በጭራሽ ያልገባው። 68 ሩብ ወረቀት መክፈል ዐሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የማግስቱን ትምህርት ከትልቁ ክምር ይጀምሩ።

ምላሽ 5፦ ሀሁ አስተማሪ
ኅዳር 8

እኔ የ2ኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ አጭር ነገር ልበል። ልጆቹ 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ያለውን ትነጋገራላችሁ፤ ከእኛ ዘንድ ሲነሡ ምን ይዘው እንደሚነሡ አትርሱ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ምዘና ላይ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በሕንድ ሙምባይና ቫዶዳራ ውስጥ የተሞከረውን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ፤ ከየሰፈሩ የተመለመሉ ወጣት ሴቶች ወደኋላ የቀሩትን የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ለብቻ አውጥተው፣ ልጁ ከደረሰበት ደረጃ ተነሥተው ያስተምሯቸው ነበር፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ደካሞቹ ናቸው። ሴቶቹ የሠለጠኑ መምህራን እንዳልነበሩ ልብ በሉ። እኔ እንደዚያ እንዳላደርግ የሚይዘኝ የዕውቀት እጥረት ሳይሆን ይዘቱን በወቅቱ ጨርሺ የሚለኝ የትምህርት ዕቅድ ነው።

ጠያቂ፦ ጠመኔ በእጄ
ኅዳር 24

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝም ያልሁት እየሞከርሁ ስለነበር ነው።

የጣቱን ነገር በአራቱም ክፍል አደረግሁት። በመጀመሪያው ክፍል ከ68ቱ ትክክሉን፣ ማለትም ፍሪክሽን (ሳጥኑና ጠረጴዛው ሲፋተጉ የሚፈጠረው ተቃዋሚ ኃይል) የሚለውን፣ ያሳዩት 19 ብቻ ነበሩ፤ ከክርክሩ በኋላ 44 ሆኑ። ክርክሩን በአማርኛ ፈቀድሁ፤ መምህር ሠላሳ ዓመት እንዳሉኝ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ «ታዲያ በሳሙና ያለቀለቅነው ወለል ላይ ለምን ርቆ ይሄዳል?» ብላ አጠገቧ ያለውን ልጅ አፉን ስታስይዘው ሰማሁ፤ እኔ ያላዘጋጀሁት ምሳሌ ነው። በሦስተኛው ክፍል ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ድምፁ የሚያስተጋባ አንድ ልጅ በተሳሳተው መልስ ዙሪያውን ሁሉ አሳመነ፤ ትክክል የነበሩት እንኳ ጣታቸውን ቀየሩ፣ ቁጥሩ ከ27 ወደ 21 ወረደ። ሱፐርቫይዘር የገቡት ያን ቀን ነበር፤ «ክፍል አያያዝ» የሚለው ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥተውኝ ወጡ። መልሱን ከማስረዳቴ በፊት ስለወጡ የወደቅሁትን እንጂ የተነሣሁትን አላዩም።

ሩብ ወረቀቱ ከጠበቅሁት በላይ ቀለለኝ። ማርክ የለውም ስላቸው ግማሹ ባዶውን ይመልሳል ብዬ ነበር፤ ባዶ የመለሱት ከ68 ሰባት ናቸው። አንዱ ሩብ ወረቀት ላይ ያለው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፦ «ቲቸር ሕጉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው መጽሐፍ ላይ ነው» ይላል። ስም የለበትም። በማግስቱ ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ጽፌ በእርሱ ጀመርሁ።

ጥያቄውን ለውጬ፣ በሳጥን ፋንታ በሚንከባለል ኳስ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሳላስጠነቅቅ እንደገና እጠይቃቸዋለሁ፤ የአምስት ደቂቃውን ሳይሆን የአንድ ወሩን ለማየት ነው። ወርዶ ባገኘውም ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ። እስከዚያው መምህር ሠላሳ ዓመት፣ የተቀላቀለ የክፍል ሥራ ሲያዘጋጁ አዲሱንና የቆየውን ትምህርት በምን መጠን እንደሚያደባልቁት ቢነግሩኝ፤ እኔ ስሞክር ከስምንቱ ጥያቄ ስድስቱ አዲስ፣ ሁለቱ የቆየ አደረግሁና ልጆቹ ሁለቱን እየዘለሉ አስቸገሩኝ።